ሃያ ሁለት ሰው ዕቁብ እየመራሽ «መምራት አልችልም» ትያለሽ?

ባለፈው ሳምንት ስለ እጮኛ ስጦታ በጻፍኩት ጉዳይ ሙገሳም ስድብም ደርሶኛል፤ ሁለቱንም ተቀብያለሁ፡፡ ዛሬ ግን ከፍቅሩ ሰፈር ወጣ ብለን ቢሮ እንገባለን፡፡ «ቢሮ ደግሞ ምን ጨዋታ አለው?» የምትሉ አትጠፉም፡፡ ኧረ አለው!

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት ጥር ላይ በደረሰኝ አንድ ደብዳቤ ነው፡፡ ጸሐፊዋ ስሟም መሥሪያ ቤቷም እንዳይነሳ አደራ ስላለችኝ «ባለ ደብዳቤዋ» እያልኩ እቀጥላለሁ፡፡ ጉዳዩን ለእናንተ እንዳወራው ግን አሁን ፈቅዳልኛለች፡፡ ደብዳቤዋ በአጭሩ እንዲህ ይላል፡-

«እህቴ፣ ዕድሜዬ ሠላሳ አንድ ነው፡፡ ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት ነኝ፡፡ በአካውንቲንግ ዲግሪ አለኝ፤ በአንድ የግል ድርጅት ሂሳብ ክፍል ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፡፡ ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣ ተቀጠረና አጠገቤ ተቀመጠ፡፡ የቫውቸር አያያዙን፣ የባንክ ማስታረቁን፣ የወር መዝጊያውን፣ ሁሉንም ያሳየሁት እኔ ነኝ፡፡ የቡድን መሪ ቦታ በውስጥ ማስታወቂያ ሲወጣ እኔ አልተመዘገብኩም፡፡ እሱ ተመዘገበ፡፡ አሁን አለቃዬ ነው፡፡ ወር በደረሰ ቁጥር ወንበሩን እየጎተተ ይመጣና “ይቺን እንዴት ነበር የምንዘጋት?” ይለኛል፡፡ አሳየዋለሁ፡፡ እሱ ፈርሞ ወደ ላይ ይልከዋል፡፡ አሁን ደግሞ በሌላው ቡድን ተመሳሳይ ቦታ ተለጥፏል፤ ምዝገባው ዓርብ ያበቃል፡፡ ግን እኔ ስብሰባ ላይ መናገር አልችልም፡፡ ድምፄ ይንቀጠቀጣል፡፡ የመምራት ተፈጥሮ የለኝም፡፡ ልመዝገብ ወይስ ይቅርብኝ?»

ደብዳቤው እጄ የገባው ማክሰኞ ነው፡፡ ዓርብ ማለት ከነገ ወዲያ ማግስት ነው፡፡ በጋዜጣ ልመልስላት ብል የሚወጣው ምዝገባው ካለፈ በኋላ ሊሆን ነው፡፡ ከታች ስልኳን ጽፋ ስለነበር ደወልኩላትና ረቡዕ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ካፌ ተቀጣጠርን፡፡

ስትመጣ ያየሁት እንደ ደብዳቤዋ ነው፡፡ ቀጠን ያለ ድምፅ፣ ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ፡፡ አስተናጋጇ እንኳ ምን እንዳዘዘች ስላልሰማች ሁለት ጊዜ ጠይቃታለች፡፡ «አየሽ፣ እኔ እንዲህ ነኝ» አለችኝ ፈገግ ብላ፡፡ ስለ ልጁ ጠየቅኳት፡፡ «ምን አለው ከአንቺ የበለጠ?» «እሱ እኮ ይናገራል» አለች፡፡ «ስብሰባ ላይ የማያውቀውን ሁሉ እያወቀ ይናገራል፡፡ እኔ የማውቀውን እንኳ…» ብላ ሳትጨርስ ስልኳ ጠራ፡፡

ውድ አንባብያን፣ እዚህ ላይ በደንብ አዳምጡኝ፡፡ ልጅቷ ስልኩን አነሳችና ሌላ ሰው ሆነች፡፡ «አንተ! ደመወዝ ከወጣ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው፡፡ ሰው ሁሉ ከፍሏል፡፡ የለም፣ የለም! ነገ ጠዋት ካላመጣህ ቅጣቱን ታውቃለህ፡፡ ደግሞ ዕጣ ሲወጣልህ ያለ ዋስ ብር የለም፤ አሁኑኑ ነግሬሃለሁ!» ጥግ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ሁሉ ዞር ብለው አዩን፡፡ ስልኩን ዘጋችና ድምጿን ወደ ቦታው መልሳ «ይቅርታ፣ የቢሮ ዕቁብ ነው» አለችኝ፡፡

ሰብሳቢዋ እሷ ነች፡፡ ሃያ ሁለት ሰው አለበት፡፡ እያንዳንዱ በወር ሦስት ሺህ ብር ይጥላል፤ ስልሳ ስድስት ሺህ ብር በወር በእጇ ይገባል፣ ይወጣል ማለት ነው፡፡ ሁለት ዙር ጨርሰው ሦስተኛውን ይዘዋል፤ አራት ዓመት ሊሞላቸው ነው፡፡ አንድ ብር ጠፍቶ አያውቅም፡፡ ከዕቁቡ አባላት መካከል ሁለት የዋና ክፍል ኃላፊዎችም አሉበት፤ እነሱም ሲዘገዩ ይቀጣሉ፡፡ አንዷ ጽዳት ሠራተኛ እናቷ ታመውባት ቀድማ መውሰድ ስትፈልግ ሃያ አንዱን ሰው አሳምና ዕጣውን ለእሷ ያስለቀቀችው ይህችው መናገር አልችልም ባይ ናት፡፡

«ለመሆኑ አሁን የተናገርሽው ማንን ነው?» አልኳት፡፡

ትንሽ አፈረች፡፡ «አለቃዬን» አለች፡፡

ማኪያቶዬን አስቀምጬ ሳቅኩ፡፡ እሷም ሳቀች፡፡ ወዲያው ግን ዓይኗ እንባ አቀረረ፡፡ ለካስ ልጁ አለቃ የሆነ ጊዜ መጸዳጃ ቤት ገብታ ያለቀሰችው ለቅሶ ገና አላለቀም ነበር፡፡

እኔ የምለው፣ የቡድን መሪ ምን የተለየ ነገር ይሠራል? ሰው ሥራውን በጊዜው እንዲያደርስ ያደርጋል፣ የዘገየውን ይጠይቃል፣ የተጣላውን ያስታርቃል፣ ገንዘብ ይጠብቃል፣ ችግር የገጠመውን ይረዳል፡፡ ይህንን አራት ዓመት ሙሉ ሠርታዋለች፡፡ ስሙ «ዕቁብ» ስለሆነ ብቻ አልተቆጠረም፡፡ እኔ ዘንድ ከሚደርሱት ደብዳቤዎች ያየሁት ይኼንኑ ነው፡፡ ሠርግ ሲደገስ ሦስት መቶ ሰው የሚበላበትን ድግስ የምታስተባብር፣ የሠፈር ዕድር ውስጥ የሴቶቹን ሥራ የምትደለድል ሴት፣ ቢሮ ስትገባ «እኔ እንኳን…» ትላለች፡፡

ለምን? ቢባል እኔ ሁለት ነገር አስባለሁ፡፡ አንደኛው አስተዳደጋችን ነው፡፡ «ዝም አይነቅዝም» ተብሎ ተነግሮናል፡፡ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውንም ሰምተነዋል፤ ያውም ከእናቶቻችን አፍ፡፡ እንግዳ ሲመጣ ወንዱ ልጅ መሐል ቤት ቆሞ በትምህርት ቤት የተማረውን እንዲናገር ይጠየቃል፤ ሴቷ ልጅ የእጅ ማስታጠቢያውን ይዛ ጎንበስ ትላለች፡፡ ማስታጠቡ ምንም ነውር የለውም፡፡ ነገር ግን አንዱ በየሳምንቱ በሰው ፊት መናገር ሲለማመድ ሌላዋ በየሳምንቱ ጎንበስ ማለትን ስትለማመድ አድገው አንድ የስብሰባ ጠረጴዛ ላይ ይገናኛሉ፡፡ ከዚያ «እሱ ተፈጥሮው ነው» ይባላል፡፡ የምን ተፈጥሮ! ልምምድ ነው፡፡

ሁለተኛው፣ ድፍረት መጀመሪያ መጥቶ ሥራው ኋላ የሚከተል እየመሰለን እንጠብቃለን፡፡ ይህን የማወራው ከመጽሐፍ አይደለም፡፡ እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ውጤት ሳይመጣልኝ ቤት ቁጭ ያልኩ ልጅ ነኝ፡፡ የመጀመሪያ ጽሑፌን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ የአንድ ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል በር ላይ ሦስት ቀን ቆሜ ተመልሻለሁ፡፡ «ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ይሥቁብኛል» እያልኩ፡፡ በአራተኛው ቀን ድፍረት አግኝቼ የገባሁ እንዳይመስላችሁ፡፡ ዝናብ መጣብኝ፡፡ ልጠለል ገባሁና ጥበቃው «ማንን ፈልገሽ ነው?» ሲሉኝ መመለሻ አጣሁ፡፡ አዘጋጁ አነበበና ግማሹን በቀይ እስኪሪብቶ ሰረዘው፡፡ ግማሹ ታተመ፡፡ እኔ ድፍረት የሚባለውን ነገር ያወቅሁት ያ ግማሹ ከታተመ በኋላ ነው፤ ሁለተኛውን ጽሑፍ ይዤ ስሄድ ዝናብ አልጠበቅሁም፡፡

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ፡፡ በየሆቴሉ አዳራሽ ትኬት እየቆረጡ «ትችያለሽ! በይ! ጮክ ብለሽ በይ!» እያሉ የሚያስጨበጭቡ ሥልጠናዎች አሉ፡፡ አንዱ ላይ ገብቼ አጨብጭቤያለሁ፡፡ እዳሪ ስወጣ የታክሲ ሰልፉ ላይ ያው እኔው ነበርኩ፡፡ ጩኸቱን አልጠላውም፤ ግን ከአንድ ሰዓት ጩኸት አንድ የተሞላ ቅጽ ይበልጣል ባይ ነኝ፡፡

ወደ ካፌው ልመልሳችሁ፡፡ ያን ምሽት የማመልከቻዋን ረቂቅ አሳየችኝ፡፡ «ምናልባት ብቁ ሆኜ ከተገኘሁ እንድትተባበሩኝ በታላቅ ትህትና እለምናለሁ» ይላል፡፡ የሥራ ማመልከቻ ነው የእርዳታ? ሰረዝነውና ሐቁን ብቻ አስቀመጥን፡፡ ስድስት ዓመት፣ ይህን ያህል የወር መዝጊያ፣ ያሠለጠነቻቸው ሦስት አዲስ ሠራተኞች፣ በእሷ ጊዜ ያለ ችግር ያለፈ የኦዲት ምርመራ፡፡ ስለ ዕቁቡ እንጻፍ ስላት «ኧረ ያሥቃል!» አለችኝ፡፡ ለቃለ መጠይቁ አቆየነው፡፡

አንድ ሌላ ነገርም ነገርኳት፡፡ በ2011 ዓ.ም የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156፣ በአንቀጽ 87 ላይ ሴት ሠራተኛ በፆታዋ ምክንያት ልዩነት እንዳይደረግባት ይከለክላል፤ ለቅጥር፣ ለዕድገት ወይም ለሌላ ጥቅም ስትወዳደርም ከወንዱ ጋር እኩል ውጤት ካመጣች ቅድሚያ ለእሷ እንዲሰጥ ያዛል፡፡ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 35 ላይ ሴቶች እኩል ሆነው መወዳደር እንዲችሉ ልዩ ትኩረት እንዲሰጣቸው ደንግጓል፡፡ ደስ ይላል፡፡ ግን አዋጁ ውጤት የሚያወዳድረው ውጤት ላላት ሴት ነው፡፡ ያልተመዘገበች ሴት ውጤት የላትም፡፡

ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ፣ ቢሮው ሊዘጋ ሲል ተመዘገበች፡፡ «እጄ ሲንቀጠቀጥ ፊርማዬ ተበላሸ» ብላ ጻፈችልኝ፡፡

ቃለ መጠይቁ ላይ ለወንዶቹ ያልቀረበ አንድ ጥያቄ ቀረበላት፡፡ «ልጅ አለሽ፤ ደግሞ ሁለተኛ ልትወልጂ ትችያለሽ፤ የመሪነት ጫናውን እንዴት ትችይዋለሽ?» የሚል፡፡ ይህ እንደሚመጣ ገምተን ስለነበር መልሱን አዘጋጅታለች፡፡ «ልጄን ከወለድኩ ወዲህ የወር መዝጊያ ያለፈኝ ቀን የለም፤ መዝገቡ አለ፤ ማየት ይቻላል» አለች፡፡ የወሊድ ፈቃድ፣ ከወሊድ በፊት 30 ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ከነደመወዙ፣ በዚያው አዋጅ የተጻፈ መብት እንጂ የባሕርይ ጉድለት አይደለም፤ ይህን ግን እዚያ ጠረጴዛ ላይ አልተከራከረችበትም፡፡ ብልህ ናት፡፡ ቁጥሯን ሰጥታ ዝም አለች፡፡ ሰው አስተባብረሽ ታውቂያለሽ ወይ ሲሏት ደግሞ ዕቁቡን አነሳች፡፡ ከጠያቂዎቹ አንዱ የዕቁቡ አባል ነበሩ፤ ሁለት ጊዜ ተቀጥተዋል፡፡ ከት ብለው ሳቁ አለችኝ፡፡

አለፈች? አላለፈችም፡፡ በሦስት ነጥብ ተበልጣ ሁለተኛ ወጣች፡፡

እኔ ደንግጬ ነበር፤ «አስመዝግቤ አሳፈርኳት» ብዬ፡፡ እሷ ግን በማግስቱ ሰው ኃይል ክፍል ሄዳ «ነጥቤን ማየት እፈልጋለሁ» አለች፡፡ ልብ በሉ፤ ይህቺ ማኪያቶ ማዘዝ ያቃታት ልጅ ናት! በጽሑፍ ፈተናው አንደኛ ሆናለች፡፡ የወደቀችው «የመምራት ልምድ» በሚለው ላይ ነው፤ ዜሮ፡፡ የቀድሞው አለቃ ዓመት ፈቃድ ሲወጡም፣ ሐዘን ደርሶባቸው ሲቀሩም ክፍሉን ይዛ የቆየችው እሷ ነበረች፡፡ ግን «እስክመጣ እያየሽ ቆዪኝ» ተብላ ነው፡፡ በቃል! ማህደሯ ውስጥ አንዲት ወረቀት የለችም፡፡

እህቶቼ፣ ይህችን ነገር ከዛሬው ጽሑፍ ቀዳችሁ ያዙልኝ፡፡ በእኛ አገር መሥሪያ ቤት ያልተጻፈ ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠራል፡፡ አለቃሽ ፈቃድ ሲወጣ ወንበሩን የምትጠብቂለት ከሆነ ውክልናው በደብዳቤ ይሁን፤ ከቀን እስከ ቀን ተብሎ፣ ግልባጩ ለማህደርሽ፡፡ «አላመነኝም ብሎ ይቀየመኛል» አትበይ፡፡ ቅያሜው ሁለት ቀን ነው፤ ማህደሩ ግን ጡረታ እስክትወጪ ይኖራል፡፡ እንደዚሁ የሠራሽውን በትንሽ ደብተር ከነቀኑ መዝግቢ፡፡ የሥራ አፈጻጸም ሲሞላ ሁሉም ያለፈውን ሳምንት ብቻ ነው የሚያስታውሰው፡፡

ሚያዝያ ላይ ያ ያሠለጠነችው አለቃዋ ለፋሲካ ሃያ ቀን ፈቃድ ሊወጣ ሲል እንደ ልማዱ «እያየሽ ቆዪልኝ» አላት፡፡ «እሺ፤ በደብዳቤ ይሁን» አለችው፡፡ «ምነው፣ በእኔና በአንቺ መሐል ደብዳቤ?» ብሎ ሳቀ፡፡ እሷም ሳቀች፤ ግን ቆማ ጠበቀች፡፡ ጻፈላት፡፡

በእነዚያ ሃያ ቀናት ሌላም ነገር ለመደች፡፡ ሂሳብ ክፍል ሰኞ ሰኞ ስብሰባ አለ፡፡ ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ስድስት ዓመት ሙሉ እሷ ነበረች፤ ማንም አልመረጣትም፣ «ጽሑፏ ያምራል» ተብሎ ነው፡፡ በየመሥሪያ ቤቱ ቃለ ጉባኤና ቡና በማን እጅ እንደሚወድቅ ታውቃላችሁ፡፡ የሚጽፍ ሰው ደግሞ አይናገርም፤ ሌሎች የተናገሩትን ይከተላል፡፡ «በተራ ብንይዘው» አለች፡፡ ማንም አልተቃወመም! ስድስት ዓመት የፈራችው ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር አለቀ፡፡ እጇ ሲፈታ በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ውስጥ አንድ ነገር፣ ከቁጥር ጋር፣ ለመናገር ከራሷ ጋር ተስማማች፡፡ ስብሰባው ሲገፋ ፍርሃቱም አብሮ ስለሚገፋ ነው ቀድማ የምትገላገለው፡፡ «ልሳሳት እችላለሁ እንጂ» እና «ትንሽ ነገር ናት» የሚሉትን መግቢያዎች ተወች፡፡ ታላላቆቿን «እርስዎ» ማለቷን አልተወችም፤ አክብሮትና ራስን ማሳነስ ለየቅል ናቸውና፡፡ ድምጿስ? መጀመሪያ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር፡፡ እየተንቀጠቀጠ ተናገረች፡፡

ሰኔ ላይ ያን ቦታ ያሸነፈው ሰው የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ሌላ ድርጅት ገባ፡፡ ሁለተኛ የወጣ ተወዳዳሪ ማን ነው ተባለ፡፡ እሷ ናት፡፡ በተጠባባቂነት መደቧት፡፡ እሷ ግን ቅር አላት፤ «መጠባበቂያ ጎማ ነኝ እንዴ?» አለችኝ፡፡ እኔም ደራርቱ ቱሉን አነሳሁባት፡፡ ደራርቱ በ1984 ዓ.ም በባርሴሎና ኦሎምፒክ በአሥር ሺህ ሜትር ወርቅ ስታገኝ ከጥቁር አፍሪካውያት ሴቶች የመጀመሪያዋ ነበረች፡፡ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑን መንበር በ2011 ዓ.ም ኃይሌ ገብረሥላሴ ሲለቅ የያዘችው ግን መጀመሪያ በተጠባባቂነት ነው፤ ኋላ ተመርጣ እስከ 2017 ዓ.ም ቆየችበት፡፡ አየር መንገዳችንም ቢሆን፣ በ2003 ዓ.ም የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን የሆነችው አምሳለ ጓሉ ያን ወንበር ከመያዟ በፊት በረዳት አብራሪነት በሺህ የሚቆጠር ሰዓት በርራለች፡፡ በረዳትነት ሳይበር ካፒቴን የሚሆን የለም፡፡ «እሺ፣ እሺ፤ አንቺ ደግሞ ምሳሌ አታልቅብሽም» ብላ ዘጋችብኝ፡፡

ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ ሆነ እያልኩ አይደለም፡፡ ቦታውን በያዘች በሳምንቱ «በምን አገኘችው?» የሚለው ሐሜት ተነሳ፡፡ ወንዱ ሲሾም «ጎበዝ ነው»፣ ሴቷ ስትሾም «በማን በኩል ነው?»፡፡ ይህ ያሳምማል፤ ብዙ ሴቶች ማመልከቻቸውን ቀደው የሚጥሉትም ይህን አስቀድመው ሰምተውት ነው፡፡ ለእሷ የጠቀማት የፈተና ነጥቧና ደብዳቤዋ በማህደር መኖሩ ነው፤ የሚያወራው ሰው ሲደክመው ተወው፡፡ (በእውነት «ዕድገት ከፈለግሽ እራት እንብላ» የሚል አለቃ ካጋጠመሽ ግን እሱ የድፍረት ማነስ ጉዳይ አይደለም፡፡ ወሲባዊ ትንኮሳ በዚያው አዋጅ የተከለከለ ነው፡፡ ቀኑንና የተባለውን ጻፊ፣ መልእክቱን አታጥፊ፣ ለብቻሽ አትያዢው፡፡)

ከሐሜቱ የባሰው የቤቷ ጉዳይ ነበር፡፡ ወር መዝጊያ ላይ እስከ አንድ ሰዓት ማታ ትቆያለች፤ የልጇ ማቆያ በአሥራ አንድ ተኩል ይዘጋል፤ ታክሲው ሰልፍ ነው፡፡ ይህን «በራስ መተማመን» የሚባል ነገር አይፈታውም፡፡ ባሏን ቁጭ አድርጋ ነገረችው፡፡ በወር አራት ቀን ልጁን እሱ ይወስዳል፡፡ መጀመሪያ አኩርፏል፡፡ እናቷም «ምነው ልጄ፣ ያንን ለወንዶቹ ብትተዪላቸው» ብለዋል፡፡ የመጀመሪያው የአለቃነት ደመወዝ ጭማሪ ሲመጣ ማቆያው የተከፈለው በእሱ ነው፤ ኩርፊያው ከዚያ በኋላ ለዘብ አለ፡፡ እናቷ እስካሁን ይናገራሉ፡፡

ባለፈው ወር ቋሚ ሆናለች፡፡ አሁን እሷና ያሠለጠነችው ልጅ እኩል የቡድን መሪዎች ናቸው፤ የሰኞውን ስብሰባም በተራ ይመራሉ፡፡ ባለፈው ሰኞ ተራው የእሷ ነበር፡፡ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ተቀምጠዋል፤ ልጁ የለም፡፡ አልጠበቀችውም፣ ጀመረች፡፡ አሥራ አምስት ደቂቃ አሳልፎ በሩን ገርበብ አድርጎ ሲገባ ቀና ብላ አየችው፡፡

«ቅጣቱን ታውቃለህ» አለችው፡፡ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፡፡ ልጁ ምንም ሳይል ሄዶ ከፊቷ የነበረውን የቃለ ጉባኤ ደብተር አነሳና መጻፍ ጀመረ፡፡

በሉ፣ ሳምንት ያገናኘን!